ከፍርድ ቤት መጥሪያ የሸሸችው መርከብ

ዛሬ ከዕለቱ ወሬ ትንሽ ዞር ልበልና ስለ አንዲት የእንጨት መርከብ ላውጋችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኦገስት 4 ቀን 1815፤ ደቡብ እንግሊዝ፣ ፕሊማውዝ ወደብ። አንድ ሰው በትንሽ ጀልባ ሆኖ የእንግሊዝን ባሕር ኃይል ሲያሳድድ ዋለ። የያዘው ሰይፍም ሽጉጥም አይደለም፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ሰውየው አንቶኒ ማክንሮት ይባላል። የስም ማጥፋት ክስ ነበረበት። «ምስክሬ ናፖሊዮን ቦናፓርት ነውና ይቅረብልኝ» ብሎ ለንደን ከሚገኝ ፍርድ ቤት መጥሪያ አውጥቷል። ቀልድ ይመስላል፤ መጥሪያው ግን እውነተኛ ነበር። ናፖሊዮን ደግሞ በዚያች ሰዓት እዚያው ወደብ ላይ፣ በአንዲት የጦር መርከብ ውስጥ ነበር።

የአካባቢው የጦር መርከቦች አዛዥ አድሚራል ሎርድ ኪዝ ወረቀቱ እጁ እንዳይገባ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው እየዞረ ቀኑን በሽሽት አሳለፈው። ናፖሊዮንን የያዘችውም መርከብ በጥድፊያ መልሕቋን ነቅላ ወደ ባሕሩ ወጣች። ማክንሮት በጀልባው ተከተላት፤ ጠባቂ ጀልባ አላስጠጋ አለው። በጉልምስናዋ 120 መድፍ ከታጠቀ መርከብ ጎን ቆማ የተዋጋች መርከብ ከአንዲት ወረቀት ሸሸች።

መርከቧ ቤሌሮፎን ትባላለች። እኔ የእሷን ታሪክ የምወደው ስለ ጀግንነቷ አይደለም፤ ጀግና መርከብ ሞልቷል። የምወደው አንድ መንግሥት ለአንድ ዕቃ ሊሰጠው የሚችለውን ሥራ ሁሉ፣ የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም፣ በአንድ ዕድሜ ስለሠራች ነው።

ወደ ውኃ የወረደችው ኦክቶበር 6 ቀን 1786፣ ሜድዌይ ወንዝ ዳር፣ ሮቸስተር ከተማ አጠገብ ነው። ንድፏ የቶማስ ስሌድ ነው፤ ዛሬ ፖርትስማውዝ ላይ ጎብኚ የሚሰለፍላትን ቪክቶሪን የነደፈው ሰው። እንዲህ ዓይነት መርከብ ለመሥራት ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ የኦክ ዛፍ ይቆረጥ ነበር። ርዝመቷ 51 ሜትር ገደማ፤ መድፎቿ 74። ከታችኛው ወለል ላይ 28 መድፎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 14 ኪሎ ተኩል የሚመዝን የብረት ኳስ ይተፋሉ። በላይኛው ወለል ሌላ 28፣ ከዚያ በላይ 18 ትንንሾች። በዚያ ዘመን ይህ መጠን የባሕር ኃይል ጀርባ አጥንት ነበር፤ እንደ ትልልቆቹ አይከብድ፣ እንደ ትንንሾቹ አይሰበር።

በዚህች 51 ሜትር ላይ 550 ሰው ይኖራል። መርከበኛው የሚተኛው በመድፎቹ መካከል በተንጠለጠለ ሸራ ላይ ሲሆን ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ስፋት 36 ሳንቲሜትር ያህል ነበር። ብዙዎቹ ወደውም አልመጡም። በወደብ ከተሞች የሚዞር ጓድ ባሕር የሚያውቅ ወንድ ሲያገኝ እያነቀ ወደ መርከብ ይወስድ ነበር። እኛ ለዚህ ሌላ ስም መፈለግ አያስፈልገንም፤ አፈሳ ነው።

ቤሌሮፎን የግሪክ ተረት ጀግና ነው፤ ክንፍ ባለው ፈረስ ላይ ሆኖ አውሬ የገደለው። ከገጠመኞቹ አንዷን ያዙልኝ። አንድ ንጉሥ የታሸገ ደብዳቤ አስይዞ ወደ ሌላ ንጉሥ ላከው፤ በደብዳቤው ውስጥ የተጻፈው «ይህን ሰው ግደልልኝ» የሚል ነበር። መርከበኞቹ ግን ተረቱንም አያውቁ፣ ስሙም ምላሳቸው ላይ አይዞርም። «ቢሊ ራፊያን» አሏት። በእኛ «ዱርዬው ቢሊ» እንደ ማለት ነው።

ከአብዮታዊቷ ፈረንሳይ ጋር ጦርነቱ በ1793 ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ጁን 1 ቀን አትላንቲክ ላይ በተደረገው ትልቅ ውጊያ ቤሌሮፎን ከፊተኞቹ ነበረች። ከእሷ ሆኖ ያዝዝ የነበረው አድሚራል ፓስሊ እግሩን አጣ። እንግሊዞች ስድስት መርከብ ማርከው አንድ አሰመጡና ድል አሉት፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ከአሜሪካ የሚጠብቁት የእህል ጭነት በሰላም ገባላቸውና እነሱም ድል አሉት። በዚያ ቀን መርከቧ ላይ ማቲው ፍሊንደርስ የሚባል የ20 ዓመት ዕጩ መኮንን ነበር፤ በኋላ አውስትራሊያን ዞሮ ካርታዋን የሠራው እሱ ነው። በ1795 ደግሞ አምስት ሆነው እጅግ የሚበልጣቸው የፈረንሳይ ጦር ገጠማቸው፤ ያን ጊዜ ማፈግፈግ ነበረባቸው፣ አፈገፈጉ።

ቀጥሎ የመጣው እኛን በስሙ የሚነካ ውጊያ ነው። እንግሊዞች «የዓባይ ውጊያ» ይሉታል፤ የተካሄደው ግን ወንዙ ላይ ሳይሆን አቡኪር በሚባል የባሕር ወሽመጥ፣ ከእኛ ደጋ የሚወርደው ደለል ለዘመናት ሲደራርበው በኖረው ዴልታ ጠርዝ ላይ ነው። ኦገስት 1 ቀን 1798። ወጣቱ ጄኔራል ቦናፓርት ጦሩን ግብፅ ላይ አራግፎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መርከቦቹ ወሽመጡ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። የኔልሰን መርከቦች አመሻሹ ላይ ደረሱና ሌሊቱን ሳይጠብቁ ገቡ። ቤሌሮፎን መልሕቋን የጣለችው ከሁሉም በማይሆነው ቦታ ነበር፤ ከፈረንሳዩ አዛዥ መርከብ ከሎሪያን ትይዩ። 74 መድፍ ለ120።

ከአንድ ሰዓት በላይ ብቻዋን ተቀጠቀጠች። ምሰሶዎቿ ሦስቱም ወደቁ። ካፒቴን ዳርቢ ራሱን ተመትቶ ተዘረረ፤ ከሥሩ ያሉት መኮንኖች ተራ በተራ ወደቁ። በመጨረሻ የመልሕቁ ገመድ ተቆርጦ መርከቧ ያለ ሸራና ያለ መብራት በጨለማ ተንሳፈፈች። ወደ ውጊያው ዘግይታ የምትገባ ሌላ የእንግሊዝ መርከብ፣ ስዊፍትሹር፣ ይህን ጥቁር ነገር አየችና መድፎቿን አዞረች። ካፒቴኗ ሃሎዌል ግን ተጠራጥሮ ተኩሱን ያዘ፤ አስጠራና «ቤሌሮፎን» የሚል መልስ ሰማ። ቢተኩስ ኖሮ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ በጨረስኩት ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ሎሪያን እሳት ደርሶባት በአንድ ጊዜ ፈነዳች። የፈረንሳይ መርከቦች ጥቂቶች ብቻ አመለጡ፤ ቦናፓርት ግብፅ ውስጥ ተቆለፈበት። ቤሌሮፎን 49 ሞተውባት 148 ቆስለውባት ነበር፤ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሄይቲን ጉዳይ የመርከቧን ታሪክ የሚጽፉ እንግሊዞች በጥቂት መስመር ያልፉታል። እኔ ማለፍ አልችልም። ሳን ዶሚንግ የፈረንሳይ ሀብታሟ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ሀብቱ ስኳር፣ ስኳሩ የባሪያ ላብ። ባሪያዎቹ በ1791 ተነሡ። ናፖሊዮን በ1802 ደሴቲቱን ለመመለስ ትልቅ ጦር ላከ። መሪያቸው ቱሳን ሉቨርቲር ተይዞ ፈረንሳይ ተወሰደና በአንድ ቀዝቃዛ የተራራ ምሽግ ውስጥ በኤፕሪል 1803 ሞተ። ትግሉን ዴሳሊን ቀጠለ። በዚያው ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ እንደገና ጦር ተማዘዙ፤ የወደቡን የባሕር ከበባ የሚመራው የቤሌሮፎን ካፒቴን ጆን ሎሪንግ ሆነ።

ኖቬምበር 18 ቀን ዴሳሊን ቬርቲዬር ላይ ፈረንሳዮቹን መታ። የፈረንሳዩ አዛዥ ሮሻምቦ አሥር ቀን ተሰጥቶት እንዲወጣ ተስማማ፤ ግን ወዴት ይውጣ? ከኋላው ዴሳሊን፣ ከፊቱ ሎሪንግ። ቀኑ ሞላ። ምሽጎቹ ላይ የአዲሶቹ ባለቤቶች ሰንደቅ ተሰቀለ፤ በእሳት የጋለ የመድፍ ጥይትም ተዘጋጀለት። ኖቬምበር 30 ቀን ሮሻምቦ ሠራዊቱን ይዞ ወጣና ለእንግሊዞቹ እጁን ሰጠ። በወሩ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804፣ ሄይቲ ነጻ አገር ሆነች።

መርከቧን ግን የነጻነት መርከብ አላደርጋትም። እንግሊዞች እዚያ የቆሙት ለባሪያው አዝነው አይደለም፤ ፈረንሳይን ለማዳከም ነው። ቤሌሮፎን በእነዚያ ዓመታት የምታገለግለው ከጃማይካ እየተነሣች ነበር፤ ያኔ ጃማይካ ውስጥ ባርነት ሕግ ነው። ሮሻምቦን ያሸነፈው ዴሳሊን ነው፤ የእጅ መስጫውን ሥነ ሥርዓት የወሰደው ግን ሎሪንግ ሆነ። እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል በታሪክ ውስጥ ብርቅ አይደለም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትራፋልጋር መጣ፤ ኦክቶበር 21 ቀን 1805። አዲሱ ካፒቴን ጆን ኩክ ይባላል። ኩክ ከውጊያው በፊት አንድ ብልህ ነገር አደረገ። ኔልሰን ለካፒቴኖቹ ብቻ የላከውን የውጊያ ዕቅድ ለምክትሉ ለከምቢ አሳየው፤ እሱ ቢሞት መርከቧ የምትሠራውን የሚያውቅ ሰው እንዲኖር። መርከበኞቹ በመድፎቻቸው ላይ «ሞት ወይም ክብር» ብለው በጠመኔ ጻፉ።

ቤሌሮፎን የጠላትን መስመር ሰብራ ስትገባ ሌግል ከምትባል የፈረንሳይ መርከብ ጋር ተጣበቀች። የሌግል ወለል በወታደር ተሞልቶ ከላይ ጥይትና የእጅ ቦምብ ያዘንብ ነበር። ከምቢ ካፒቴኑን «የትከሻህን ማዕረግ አውልቅ፣ ይለዩሃል» አለው። ኩክ ጊዜው አልፏል ብሎ እምቢ አለ። ጥቂት ቆይቶ ሽጉጡን ሲያጎርስ ደረቱ ላይ ተመታ፤ ሞተ። ከምቢ ትእዛዙን ተረከበ፤ ዕቅዱን ያውቀዋልና ማንንም አልጠየቀም።

ከዚያ ቀን ሁሌ የሚደንቀኝ አንድ ነገር ነው። በታችኛው ወለል መስኮት የገባ የእጅ ቦምብ ከባሩድ ማከማቻው አጠገብ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ፈነዳ። ፍንዳታው የዕቃ ቤቱን በር በርግዶ ሲከፍተው በዚያው ግፊት የባሩድ ማከማቻውን በር ገጭቶ ዘጋው። በሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም መርከቦች አብረው ወደ ሰማይ ይበሩ ነበር። የአንድ አናጢ ውሳኔ! ሌግል በመጨረሻ ተላቃ ሄደች። ቤሌሮፎን 27 ሞተውባት 123 ቆሰሉባት፤ የኔልሰንን አስከሬን የያዘችውን ቪክቶሪን አጅባ አገሯ ገባች።

ከዚያ ለአሥር ዓመት ያህል ነገሩ ከበባ፣ አጀባ፣ ቅዝቃዜ ነው፤ ባልቲክ፣ ሰሜን ባሕር፣ ኒውፋውንድላንድ። እለፈዋለሁ።

ጁን 18 ቀን 1815 ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ ተሸነፈ። ዙፋኑን ለቆ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፣ ወደ ሮሽፎር ወረደ፤ አሳቡ አሜሪካ መሻገር ነው። ከወደቡ ውጭ ግን አንዲት ያረጀች መርከብ ቆማለች። ቤሌሮፎን! ካፒቴኗ ፍሬድሪክ ሜትላንድ ነበር። ግብፅ ላይ መርከቦቹን ስትሰብር የነበረች፣ ሄይቲ ላይ የጦሩን እጅ የተቀበለች፣ ትራፋልጋር ላይ የተዋጋችው መርከብ አሁን ሰውየውን ራሱን በር ላይ ጠበቀችው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢያደርገው «አጋነንክ» እንለዋለን።

የናፖሊዮን ሰዎች ለቀናት ተመላለሱ። ሜትላንድ የገባው ቃል አንድ ነው፤ ወደ እንግሊዝ ላደርሰው እችላለሁ፤ እዚያ ስለሚሆነው ቃል ለመግባት ሥልጣን የለኝም። ናፖሊዮን ለእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ደብዳቤ ጻፈ፤ በጠላቱ ደጅ ከተጠለለው ከጥንቱ ግሪካዊ ከቴሚስቶክሊስ ጋር ራሱን አመሳስሎ በሕጎቻችሁ ጥላ ሥር እገባለሁ አለ። ጁላይ 15 ቀን ማለዳ መርከቧ ላይ ወጣ። ያቺን የደብዳቤ ተረት ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ሜትላንድ ክፍሉን ለቀቀለት። እንግዳው ሁሉን ይጠይቃል፤ ሸራው፣ ገመዱ፣ የወታደሩ ሰልፍ። መርከበኞቹ ወደዱት፤ ሜትላንድ ራሱ በኋላ ባሳተመው ማስታወሻ ይህን አልሸሸገም። ጁላይ 23 ጎሕ ሲቀድ ናፖሊዮን ወለሉ ላይ ወጥቶ የፈረንሳይ የመጨረሻ ጫፍ ከዓይኑ እስኪጠፋ ለሰዓታት ቆመ። በማግሥቱ ቶርቤይ ደረሱ፤ ከዚያ ፕሊማውዝ።

ሕዝብ ጎረፈ። ባሕሩ በጀልባ ተሸፈነ። መርከበኞቹም ነገሩ ደርቶላቸው በሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፉ ለጀልባዎቹ ያሳዩ ነበር፤ «ቁርስ ላይ ነው»፣ «ክፍሉ ገብቷል»፣ «ሊወጣ ነው»። የዛሬው የቀጥታ ስርጭት መሆኑ ነው። ቻርልስ ኢስትሌክ የሚባል የፕሊማውዝ ወጣት ሠዓሊ ከጀልባ ላይ ሆኖ ንድፉን ወሰደና ታዋቂ የሆነበትን ሥዕል ሠራ። ብዙዎቹ ባርኔጣ አውልቀው ሰላም ይሉት ነበር። ሃያ ዓመት ሲያስፈራሯቸው የኖሩት ጭራቅ ወፈር ያለ ሰውዬ ሆኖ አገኙት።

ለንደን ውስጥ ግን ጭንቅ ነው። ሰውየው ምንድን ነው? የጦር ምርኮኛ? ጦርነቱ አበቃ። አመጸኛ? የማን ዜጋ ሆኖ በማን ላይ? የመንግሥቱ ትልልቅ የሕግ ሰዎች ራሳቸው አልተስማሙም። እንግሊዝ ደግሞ የምትኮራበት አንድ ሕግ አላት፤ እኛ «አካልን ነጻ ማውጣት» የምንለው አቤቱታ እናቱ እሷ ናት። ሰው ከታሰረ አሳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ «በምን ሕግ አሰርከው?» ይባላል። ናፖሊዮን እግሩ መሬት ከነካ ይህ ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ ትእዛዙ አጭር ሆነ፤ ማንም አይውጣ፣ ማንም አይግባ። መሬቱ በዓይን ይታያል፤ ሕጉ ግን መርከቧ ድረስ እንዳይደርስ ተደረገ።

ጁላይ 31 ቀን ሎርድ ኪዝ መጥቶ ወደ ሴንት ሄሌና እንደሚላክ ነገረው። ናፖሊዮን በጽሑፍ ተቃወመ፤ በፈቃዴ የመጣሁ እንግዳ እንጂ ምርኮኛ አይደለሁም ብሎ። እዚህ ላይ ስለ ናፖሊዮን እንባ አላፈስም። ቱሳንን ያለ ፍርድ ምሽግ ውስጥ አስሮ እንዲሞት ያደረገ ሰው ስለ ፍርድ ሲጮህ ለመስማት ጆሮ ያዳግታል። ነገር ግን ሕጉ የተሠራው ለደግ ሰዎች ብቻ አልነበረም። የማክንሮት መጥሪያ የመጣውም በዚህ መሐል ነው። መጥሪያው ናፖሊዮንን ነጻ አያወጣውም፤ ምስክር ብቻ ነው የሚያደርገው። የፈሩት ወረቀቱ የሚከፍተውን በር ነው። ፍርድ ቤት ያቅርቡት ሲል እስረኛው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲዘዋወር ያየ የዚህ ቻናል አንባቢ ዘዴው አይጠፋውም፤ እዚያ ጣቢያው ሸራ ነበረው፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቤሌሮፎን ለሩቁ ጉዞ አርጅታ ነበርና ኦገስት 7 ቀን ባሕር ላይ ኖርዘምበርላንድ ለተባለች መርከብ አስረከበችው። ሃያ አራት ቀን ይዛዋለች። እስሩን የሚፈቅደው ሕግ በፓርላማ የወጣው ኤፕሪል 1816 ነው፤ ሰውየው ደሴቲቱ ላይ ከተራገፈ ከወራት በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እንግሊዝ ቪክቶሪን አስቀረች። ቴሜሬር የምትባለውን የትራፋልጋር መርከብ ለመፍረስ ስትጎተት ሠዓሊው ተርነር በሥዕል አኖራት። ቤሌሮፎንስ? በዚያው በ1815 ወደ ሺርነስ ተወሰደች። ምሰሶዋ ተነቀለ፣ መድፎቿ ወረዱ፣ ውስጧ በክፍል በክፍል ተከፋፈለ። ከ12 ሺህ ፓውንድ በላይ ወጪ ተደርጎ ተንሳፋፊ ወህኒ ሆነች።

ይህ የእንግሊዝ ያረጀ ዘዴ ነበር። አሜሪካኖች በ1776 ሲያምጹ ወንጀለኛ የሚላክበት ቦታ ጠፋ፤ እስር ቤቱ ሞልቷል፤ ያረጁ መርከቦች ደግሞ ወደብ ላይ በስብሰዋል። «ለጊዜው» ተብሎ ተጀመረና ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆየ። ቤሌሮፎን ከ400 በላይ እስረኛ ያዘች። በኋላ የሕፃናት ሆነች፤ በጥቃቅን ስርቆት የተፈረደባቸው፣ አሥራዎቹ ውስጥ በቅጡ ያልገቡ ልጆች ጭምር የመድፍ መስኮቶች በነበሩበት ቦታ አደሩ። ለእነሱ በጀልባ መጥሪያ ይዞ የመጣ የለም፤ እንዴት ዋሉ ብሎ በሰሌዳ የሚጽፍም የለም። በ1825 ልጆቹ ወደ ዩራያለስ ተዛወሩ፤ እሷም የትራፋልጋር መርከብ ነበረች።

ነገሩ የጥንት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2023 የእንግሊዝ መንግሥት በዚያው በደቡቡ ጠረፍ፣ ፖርትላንድ ወደብ ላይ፣ ቢቢ ስቶክሆልም በተባለ ተንሳፋፊ ማደሪያ ጥገኝነት ጠያቂዎችን አስገብቶ ነበር። እስር ቤት አይደለም ተባለ። እውነት ነው፣ በሕግ አይደለም። ከመሬቱ ይልቅ ውኃው ለምን ተመረጠ የሚለው ጥያቄ ግን ያው ነው። ባዶ የተደረገው ከዓመት በኋላ በ2024 ነው።

በ1824 ስሟንም ወሰዱባት። ቤሌሮፎን የሚለው ስም ለወህኒ የማይመጥን ሆኖ ተገኘና ለሌላ የጦር መርከብ ተሰጠ። አሮጊቷ «ካፕቲቪቲ» ተባለች፤ ምርኮ፣ እስር ማለት ነው። ስሙን የወረሰችው መርከብ የቀድሞ ስም ምን ነበር ብትሉኝ፤ ዋተርሉ። ይህን የወሰነው ጸሐፊ ቀልደኛ ይሁን ደንታ ቢስ እንጃ።

በ1826 ወደ ፕሊማውዝ ተጎተተች። ናፖሊዮንን ለማየት ሕዝብ በጀልባ በተጋፋበት ወደብ ቆማ እስረኛ ስትጠብቅ ኖረች። ጃንዋሪ 1836 በ4,030 ፓውንድ ለአፍራሽ ተሸጠች።

ከእንጨቶቿ ጥቂቱ በጨረታ ሲወጣ ከገዢዎቹ አንዱ ጆርጅ ቤላሚ የሚባል ሰው ነበር። በዓባይ ውጊያ ጊዜ ከመርከቧ ሐኪሞች አንዱ ሆኖ 148ቱን ቁስለኞች ሲያክሙ ከነበሩት ነው። ያን ጊዜ ፕሊማውዝ አጠገብ ፕሊምስቶክ ላይ ቤት እየሠራ ነበርና እንጨቱን ወስዶ ቤቱ ላይ ገጠመው።